የተወለወለችው ማጣሪያ

«ሞተሩ ቀጥ! ክንፉ ብቻ ፉ… ፉ… ይላል። አብራሪው ‹ሀፍሷ፣ አለቀልን!› ሲለኝ፣ ‹አትንቦቅቦቅ፣ ማሳው ላይ አውርዳት!› አልኩት።»

ሀፍሷ ይህን ወሬ ስትነዛ ሳምንቷ ነው። ትንሿ የግል አውሮፕላን በእርግጥም አየር ላይ ሞተሯ ጠፍቶ ሽንብራ ማሳ ላይ በግድ አርፋለች፤ ሀፍሷ ግን ያን ሰዓት የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፏን ትለጥጥ ነበር። የአውሮፕላኗ ባለቤት ስብርባሪውን በኪሎ ሸጠው፤ ምናለሽ ተራ አሉሚኒየም እያቀለጡ ድስት የሚሠሩት አባቷ ሰላሁዲን ገዙት። እሷ ከክምሩ ቡጢ የምታክል የነዳጅ ማጣሪያ መንትፋ ለማስረጃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሙሉ «ካፒቴን» ይላታል።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክንዱ በጄሶ የታሰረ ሰው አባቷ ፊት ቆሟል።

«ካሳ እባላለሁ፤ ያቺን አውሮፕላን ያሳረፍኳት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ‹ነዳጅ አስጨርሶ ነው› ብሎ የማብረር ፈቃዴን አስነጠቀኝ። ነዳጅ ነበረኝ! የሆነ ነገር ዘግቶት ነው። ማጣሪያዋ ትኖር ይሆን?»

«ዘገየህ ወንድሜ፣ ሁሉም ቀልጧል። አሁን የማን ቤት ሽሮ እንደሚንተከተክበት አላህ ይወቀው።»

ሀፍሷ ቦርሳዋን ከፍታ ማጣሪያዋን ሰጠችው።

ካሳ በደህና እጁ ገልበጥ አደረጋት። ውስጧ እንደ መስታወት ያበራል።

«ማነው ያጠባት?»

ምናለሽ ተራ የገባ ዕቃ መጀመሪያ ይወለወላል፤ ሀፍሷም በአመድና በሽቦ ፈትጋታለች።

«እኔ ነኝ። ሰማያዊ ጨርቅ ተወትፎባት ነበር፤ አውጥቼ ጣልኩት። ወላሂ!»

አባቷ ሳቁ። «እሷን አትስማ! በቀደም ‹ያሳረፍኳት እኔ ነኝ› ስትል ነበር።»

ካሳ አልሳቀም። «እኔስ አምንሻለሁ። ጨርቁ ከሌለ የቀረኝ ማስረጃ ያንቺ ቃል ብቻ ነው። ሐሙስ የአደጋው መርማሪዎች ሲመጡ ግን መጀመሪያ ሰፈሩን፣ ‹ይቺ ልጅ ቃሏ እንዴት ነው?› ብለው ይጠይቃሉ።» ማጣሪያዋን ኪሱ ከቶ ሄደ።

በማግስቱ የክፍል ጓደኛዋ ኢማን ከበሩ ጮኸች። «ካፒቴን! ያንን ሞተሩ ሲጠፋ የሆነውን ድገሚልን!»

ልጆቹ ከበቧት። ሀፍሷ ቦርሳዋን አወረደች፤ ቀልሏታል።

«የዚያን ቀን» አለች፣ «እዚህ፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተኝቼ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አዲስ ቀልድ መስሏቸዋል። ሀፍሷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ ደገመችው።