በማናህሎሽ ግቢ የተዳከመው ቀፎ

ጥር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሸሪካት በሚባለው ሰፈር፣ በማናህሎሽ ግቢ፣ በአንድ የተዳከመ ቀፎ ዙሪያ አራት ሰዎች ቆመው ነበር። የግቢው ባለቤት ማናህሎሽ፣ ንቦቿን የሚንከባከብላት ካሳዬ፣ የኋላውን ክፍል ከሳምንት በፊት የተከራየው ኻሊድ፣ እንዲሁም ከካስተም ገበያ የተጠራችው ማር ነጋዴ ኑርያ። ኑርያ ስኳር የተቀላቀለበትን ማር ገና ክዳኑ ሲከፈት ትለየዋለች፤ ጅማ ሳለችም ሃያ ዓመት በንብ ማነብ ሠርታለች።

የኻሊድ ፍራሽ ተጠቅልሎ ውጭ ተቀምጧል። ኻሊድ ለትንኝ በረጨው መድኃኒት ንቦቹን ፈጅቷል ብሎ ካሳዬ ከሶት ነበር። ማናህሎሽም እስከ ቀትር ክፍሉን እንዲለቅ ነግራዋለች። ሚስቱ ጀንነት የመውለጃዋ ወር ገብቶ ውስጥ ተኝታለች። ከዚህ ቢወጡ የት እንደሚወስዳት ኻሊድ አያውቅም።

«ዞል፣ አንተ ሰው፣ ቀትር ደረሰ» አለው ካሳዬ። «ሻንጣህስ?»

ኻሊድ ፍራሹን ወደ ጥላው ሳበው።

ኑርያ ከቀፎው በፊት መሬቱን አየች። ከቀፎው መግቢያ ሥር ያለውን አፈር በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ሦስት የሞቱ ንቦች ብቻ አገኘች። መድኃኒት የነካው ቀፎ ደጁ በሬሳ ይሞላል አለች።

«ጉንዳን ወስዶት ይሆናል» አለ ካሳዬ። «አንቺ ሴትዮ፣ ማርሽን ሽጪ፤ ንቡን ለእኛ ተዪው።»

ኑርያ አጭሳ የቀፎውን ክዳን አነሳች። ማናህሎሽ «ንግሥቲቱ በርራ እንዳትሄድ» ብላ ወደኋላ አለች።

«አትሄድም» አለ ካሳዬ።

የማር እንጀራው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ኻሊድም አየው። በሰም የታሸገው የንብ ዕጭ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። የሰም ክዳኑ ለጥ ያለ መሆን ሲገባው እንደ ሽምብራ አብጦ ወጥቷል። ኑርያ ሁሉም ድንጉላ፣ ማለትም ሥራ የማይሠራው ወንዱ ንብ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሠራተኞቹ እያረጁ ይሞታሉ፤ የሚተካቸው የለም። ማናህሎሽ ንግሥቲቱ ሞታ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል እየጣሉ እንደሆነ ጠየቀች። ኑርያ አይደለም አለች። ሠራተኛ ሲጥል በአንዱ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ያዝረከርካል፤ እዚህ ግን በየጉድጓዱ መሃል አንድ አንድ እንቁላል ብቻ ነው።

ንግሥቲቱን በአራተኛው እንጀራ ላይ አገኘቻት። ጎንበስ ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት።

«ካሳዬ፣ ከዚህ ቀፎ መንጋ የወጣው መቼ ነው?»

«ኅዳር ላይ። ማንጎው ላይ ሰፍሮ አመለጠኝ።»

«ከዚያ በኋላ ከፍተኸዋል?»

«አልነካሁትም።»

ኑርያ ጀንነትንም አስጠራች። ጀንነት ግድግዳውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«መንጋ ሲወጣ አሮጊቷ ንግሥት አብራ ትሄዳለች» አለች ኑርያ። «የምትቀረው ልጇ ናት። ልጅቷ ወደ ሰማይ ወጥታ ከድንጉላ ካልተገናኘች የምትጥለው ወንድ ብቻ ነው። ይቺ አልወጣችም። የቀኝ ክንፎቿ በአንድ መስመር ተቆርጠዋል። በእርጅና ቢሆን ይሸራረፍ ነበር፤ ይህ የመቀስ ሥራ ነው። የታሸጉት ድንጉላዎች ደግሞ እንቁላላቸው ከተጣለ አሥር ቀን አልፏል። ኻሊድ እዚህ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው።»

ማናህሎሽ ታዲያ ክንፏን ማን ቆረጠው አለች።

«ቀፎውን ስከፍት አትሄድም ያለው ሰው ነው። ክንፏ መቆረጡን ያላወቀ እንዲህ አይልም።»

ካሳዬ ፊቱ ጠቆረ። «እንዳትኮበልል ብዬ ነው። አባቴም ይቆርጥ ነበር።»

«አባትህ የሚቆርጠው አሮጊቷን ነው። አንተ ልጅቷን ቆረጥክ፤ ይህስ ስሕተት ነው፣ ይሁን። እያወቅክ ግን ነፍሰ ጡር ሜዳ ላይ ልታስጥል ነበር።»

«ኸላስ፣ በቃ!» አለና ጀርባውን ሰጣት።

ኑርያ ከእንግዲህ የማትጠቅመውን ንግሥት በሁለት ጣቷ ገድላ የቀሩትን ንቦች በግቢው ካለው ሌላ ቀፎ ጋር ቀላቀለቻቸው። ማናህሎሽ ኻሊድን ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ ክፍሉን ግን አላስለቀቀችውም። ጀንነት በዘጠነኛው ቀን እዚያው ተገላገለች። ካሳዬ ሥራውን ቀጠለ፤ ከኻሊድ ጋር ግን ዳግመኛ አልተነጋገሩም።