ሳይዘጋ የቀረ መስመር

ሙዚየሙ ከአልጋ ለማይነሱ ሰዎች በኢንተርኔት ማስጎብኘት ሲጀምር፣ ልብስ ሰፊዋ አባቷን ያስመዘገበቻቸው ‹ለአንድ ሰዓት እንኳ ፋታ ይስጠኝ› ብላ ነው። ግንበኛ ነበሩ። ከመወጣጫ ወድቀው ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ከእሷ በቀር የሚያገላብጣቸው አልነበረም።

አስጎብኚው ስልኩን ይዞ ካዳራሽ አዳራሽ ሲዞር፣ ሽማግሌው ለዘውዱም ለጋሻውም ደንታ አልነበራቸውም። «ዕቃውን ተወውና ወለሉን አሳየኝ፤ የእጄ ሥራ ነው» ይሉታል። እሱም የሌላውን ተመልካች ጉምጉምታ ችሎ ስልኩን ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። ልቧ የወደደው ያኔ ነው።

ከዚያ መደዋወሉ መጣ፣ ደጃፍ ቆሞ ማውራቱ መጣ። አንድ ቀን እንጋባ ሲላት፣ አባቴን ጥዬ የትም አልሄድም አለችው። «ወለሌን ካልነቀፉ አብረው ይምጡ» ብሎ አሳቃት። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ።

ሳቋ ሳያልቅ ግን፣ ደብቄሽ ላገባሽ አልፈልግም ብሎ ጀመረ። ጉብኝቱ ሲያልቅ መስመሩን የሚያቋርጠው እሱ ነው። እሷ ስልኩን በፊቱ ደፍታ የተዘጋ ሲመስላት፣ እሱ የሷን ቤት መስመር ብቻ ሳይዘጋ እየቆየ ያዳምጥ ነበር። የስፌት መኪናዋን ድምፅ፣ እንጉርጉሮዋን፣ ከአባቷ ጋር የምትነታረከውን።

ያን ከሰዓት አስታወሰች፤ አንሶላ ለውጣ ሳትጨርስ እንደገና ሲበላሽ፣ አባቷን «ምናለ ሞተህ ብትገላግለኝ» ብላ በሩን ድርግም አድርጋ የወጣችበትን።

«እሱንም ሰምተሃል?»

አንገቱን ደፋ። የሚቀጥለው ቃል ካፉ ሳይወጣ ቀደመችው።

«ሌባ» አለችው። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ክረምቱ ሳይወጣ አባቷ ሞቱ። ቤቱ በአጽናኝ ተሞላ። የመጣው ሁሉ ያመሰግናታል፤ እንዲህ ያለች ልጅ ከየት ይገኛል፣ ክፉ ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም ይላል። እያንዳንዱ ምስጋና ያን ከሰዓት ያስታውሳታል።

አስጎብኚውም መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ተናገረችው።

«አንተስ አታመሰግነኝም?»

«እኔ እንደነሱ አይደለም የማውቅሽ።»

«እንግዲያው ተናገራ። ለዚህ ሁሉ ሰው ንገርና ይውጣልኝ።»

«በሩን ዘግተሽ ከወጣሽ በኋላም መስመሩ ክፍት ነበር» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «አባትሽ ብቻቸውን ‹እውነቷን ነው ጌታዬ፤ ልጄን ስማት› አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ያን ቀን አፌን የከፈትኩት ይህን ልነግርሽ ነበር።»

አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። አንዲት ጎረቤት፣ አይዞሽ ደክመሽላቸዋል ብላ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋት አለፈች። ጎረቤቷ እስክትርቅ ጠበቀች።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው በመጨረሻ። «ግን ሰው ሁሉ ሲሄድ አንተ እንዳትሄድ።»