የበየድኩት በር

ሰው ስለ መንፈስ ሲያወራ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ማርቆስ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ስበይድ ኖሬ ከብረት በቀር የማምነው ነገር አልነበረኝም፣ ይህን ግን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

ያቺን ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሠራናት እኛ ነን፣ ከታች የጃፓን የጭነት መኪና፣ ከላይ ደግሞ ጡረታ የወጣ አሮጌ አውቶቡስ ቀፎ። ቀፎው ጀርባው ላይ የኋላ በር ነበረው፣ ባለቤትየው ግን ዝጋውና ወንበር ጨምርልኝ አለኝ፣ እኔም ደረጃውን ቆርጬ አወጣሁ፣ በሩን ዙሪያውን በየድኩት፣ ቀለም ቀባሁት፣ ረሳሁት።

አምና ክረምት እናቴን ከሮብ ገበያ ወደ ማርቆስ ለሕክምና ሳመጣት የተሳፈርነው በዚያችው መኪና ነው። ጠዋት ነው፣ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፣ አንድ መታጠፊያ ላይ ጭቃው አንሸራተተንና መኪናዋ በቀራት የጎን በር በኩል ዳገቱን ተደግፋ ቀረች፣ ወዲያው ከሞተሩ ጭስ ገባ። ሰው በመስኮት መዝለል ጀመረ። እናቴ ጉልበቷ አይታጠፍም፣ አንስቼ ላሳልፋት ብል አቃተኝ፣ እመኑኝ፣ ያኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ መውጫዋን የዘጋሁባት በገዛ እጄ ነው።

ከኋላችን ቀዝቃዛ አየር መጣ፣ አንድ የወንድ ድምፅም ረጋ ብሎ፣ "እማማ፣ በዚህ ይውረዱ፣ አይቸኩሉ" አለ። ጭሱ ዓይኔን ይዞታል፣ የእናቴን ነጠላ ጨብጬ ተከተልኩ፣ ሁለት ደረጃ ወረድኩ፣ እግሬ ሣር ረገጠ።

ጉሙ ሲገለጥ ዞሬ አየሁ። በሩ ዝግ ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልተሰነጠቀም፣ ብየዳዬን እንደ እጅ ጽሕፈቴ አውቀዋለሁ፣ ያው ነው። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ የወጡት በመስኮት ነው፣ ሹፌሩም ደንግጠህ ነው እንጂ አንተም በመስኮት ነው የወጣኸው አለኝ። እሺ፣ እኔ ደነገጥኩ፣ እናቴስ በየት ወጣች?

እናቴ ዛሬም ደህና ናት፣ ተመስገን። ተወችው ስል ግን እየደጋገመች፣ "ያን ሰውዬ አመሰገንከው?" ትለኛለች።

መኪናዋ ከዚያ ወዲያ ሥራ አቁማ ጋራዣችን ጓሮ ቆማለች። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ሄድኩና፣ ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ አይቼ፣ እጄን የተበየደው በር ላይ አድርጌ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴን አወጣህልኝ" አልኩ፣ ከልቤ ነው ያልኩት፣ እንባዬም መጣ። ልሄድ ስዞር ላሜራው ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተመታ፣ ልክ የአውቶቡስ ረዳት፣ ሹፌሩን ሂድ ሲል እንደሚመታው።

ሄድኩ፣ ዞሬም አላየሁ። ማታ ለእናቴ አመሰገንኩት አልኳት፣ ደስ አላት፣ ምን አለህ ስትለኝ በሩን ሁለት ጊዜ መታሁላት።