የጠረጴዛው ጠርዝ

«ክርንሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ፤ ቦታ አጣሁ እኮ!» አለች ፕሮፍ።

ድምቡሼ ክርኗን ሰበሰበች፤ ኪቦርዱንም ወደ ራሷ ሳበችላት። ፕሮፍ ማውሱን እየገፋች ወደ ቀኝ ነዳችው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ግን መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። መምህሩ እንዲስሉ ያዘዟቸው ቤት ጣሪያው ገና ግማሽ ነው። ትንሽ ገፋ ብታደርገው ማውሱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንሸራቶ ወደቀና በገመዱ ተንጠለጠለ።

«ፕሮፍ ዓሣ እያጠመደች ነው!» አለ አንዱ። ከኋላ ያሉት በሳቅ ፈረሱ።

«ፕሮፍ» የሚለውን ስም ያወጡላት እነሱው ናቸው። የማታውቀው ነገር የለማ! ቢኖርም አታምንም። ባለፈው «እኔ እኮ ከኮምፒውተር ጋር ነው ያደግኩት» ብላ ጉራዋን ስትነዛ ሁሉም ሙድ ሲይዙባት፣ ያመነቻት ድምቡሼ ብቻ ነበረች። አብረን እንቀመጥ ብላ የለመነቻትም ለዚሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ፕሮፍ ያደገችው ከአባቷ የልብስ ስፌት መኪና ጋር ነው። ማውስ ስትይዝ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» መምህሩ ከፊት መጡ።

«ቲቸር፣ ማውሱ ተበላሽቷል።» ቃሉ ሳታስበው አመለጣት።

«ጠዋት ደህና አልነበር እንዴ? ማነው ያበላሸው?»

ዝም ብቻ ብትል ጥሩ ነበር። ዓይኗ ግን ወደ ድምቡሼ ሄደ። «እኔ ከሷ ስቀበል እንዲሁ ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ድምቡሼ ጓደኛዋን አየቻት፣ ማውሱን አየችው። «እንግዲህ... ሳላውቅ አጉል ነክቼው ይሆናላ» አለች። ፕሮፍ ካለች መቼም አትሳሳትም።

«ዕቃ መያዝ እስክትማሪ ከኋላ ቆመሽ ተመልከቺ» አሏት መምህሩ። ማውሱን ነቅለው መሳቢያቸው ውስጥ ወረወሩትና ሌላ ሰኩ።

አዲሱም እዚያው ጠርዝ ላይ ደርሶ ተገተረ። ፕሮፍን ላብ አጠመቃት። በዓይኗ ጫፍ ጎረቤቷን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ልጁ ማውሱ ጠርዝ ሲደርስበት ብድግ አድርጎ መሃል ላይ መልሶ አስቀመጠውና ስዕሉን ቀጠለ። በቃ፤ አንስቶ ማስቀመጥ። ያ ብቻ!

ፊቷ ጋለ። ቀስ ብላ ዞረች። ድምቡሼ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፈገግ አለችላት። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ከትምህርት መልስ ፕሮፍ አባቷ ሱቅ ቁጭ ብላ ጨርቅ ላይ መስመር ታሰምራለች። መስመሩ ሳያልቅ ጠመኔ ከጨርቅ እንደማይነሳ ያስተማራት እሱ ነው፤ ከተነሳ ይጣመማል። እጇ ማውሱንም አላነሳ ያለው ለዚህ መሆኑ አሁን ገባት። ገብቷትም ግን አልቀለላትም።

«ዛሬ ምን ነካሽ እመቤት? መስመርሽ እባብ ሆነ» አላት አባቷ።

«አባዬ፣ የሰው ጨርቅ ቢበላሽ ለባለቤቱ ምን ትለዋለህ?»

«ማን ቆርጦት?»

«አንተው ራስህ።»

«ታዲያ መቀሱ ነው ልበለው?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጠመኔውን አስቀምጣ ጣቶቿ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

በማግስቱ ኮምፒውተር ክፍል ሲገቡ፣ ድምቡሼ ማንም ሳያዛት ቀጥ ብላ ወደ ኋላው ግድግዳ ሄደች። ፕሮፍ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ። «ጀምሩ» አሉ መምህሩ።

ፕሮፍ ማውሱን አልነካችውም።

«ፕሮፍ፣ ዛሬስ መንጠቆ ይዘሻል?» አለ ያ ልጅ ከኋላ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ሳቁ እስኪያልፍ ልትጠብቅ አሰበችና ተወችው። ከጠረጴዛው ላይ እጇን ብድግ አደረገች።

መምህሩ ተነፈሱ። «አሁን ደግሞ ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም ቲቸር» አለች። «ትናንትም አልተበላሸም ነበር።»