ያልተፈረመበት መስመር

«ስልክ የለኝም አልኩ እኮ፣ መምህር።»

የብርጓል ይህን ስትል አራተኛ ጊዜዋ ነበር። ድምፅዋ ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የአይሲቲ መምህሩ መምህር ምናለ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ ነቅለው በእጃቸው የያዙትን መዝገብ ወደ እሷ አዞሩት።

«ማሽን አይዋሽም። ተራ ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ የብርጓል እንዳላማው፣ አሥራ አንደኛ ቢ። ሦስት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን ብቻውን የያዘው ይኼ ስልክ ነው። ጠዋት ፊልም፣ ከሰዓት ፊልም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች የልምምድ ጥያቄ ማውረድ አቅቷቸው እዚህ በር ላይ ይንከራተታሉ፤ አንቺ ፊልም ታወርጃለሽ።»

«ፊልም ምን ላይ ላወርድ? ስልክ የለኝም።»

መዝገቡን የምትጽፈው ተማሪ ሶልያና ከመምህሩ ጀርባ ቆማ የክፍሉን ቁልፍ በጣቷ ታሽከረክራለች። ይቺ ልጅ እንዴት ያለች ደረቅ ናት! ስሟ ተጽፎ፣ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ትክዳለች። ሶልያና ያን ስልክ በእጇ ይዛ ቁጥሩን የገለበጠችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ይህን ብትናገር ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ ነበር። አልተናገረችም። ያልተናገረችበትን ምክንያት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ታሪክ አጭርና አሳፋሪ ነው። ወላጆች አዋጥተው መሣሪያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን የይለፍ ቃሉን ያልሰማ የሰፈሩ ሰው አልነበረም። ጥበቃው ያውቁታል፣ በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ታውቀዋለች፣ የባጃጅ ሾፌሮች አጥር ተደግፈው ፌስቡክ ይከፍቱበታል። መምህር ምናለ ሦስት ጊዜ ቀየሩት፤ ሦስት ጊዜ ወጣ። በመጨረሻ የሰውን አፍ መቆለፍ እንደማይቻል ገባቸውና ስልኮቹን ራሳቸውን መመዝገብ ጀመሩ። እያንዳንዱ ስልክ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣ፣ ከሌላው ጋር የማይገጥም፣ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር የሆነ መለያ አለው። መለያው ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ መሣሪያው ያስገባዋል። ካልገባ የይለፍ ቃሉን ቢያውቅም ውጭ ይቀራል።

ዝርዝሩን የምትይዘው ሶልያና ናት። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ልጆቹ «ቴሌ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን አትጠላውም። ደንቡ ቀላል ነው፤ ባለስልኩ ራሱ ስልኩን ይዞ ይመጣል፣ ሶልያና መለያውን ትገለብጣለች፣ ባለስልኩ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ይፈርማል። ሠላሳ ሰባተኛው መስመር ላይ ግን ፊርማ የለም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ይኼን ስልክ ይዛ የመጣችው ዜማ ነበረች። ሶልያናና ዜማ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። «የብርጓል ስልክ ገዛች። እዚህ መምጣት አፍራ ነው እኔን የላከችኝ። የገጠር ልጅ አይደለች እንዴ? ታውቂያታለሽ» አለቻት። የምሳ ሰዓት ነበር፣ ሶልያና ርቧታል። መለያውን ገለበጠች፣ ስሙን ጻፈች፣ ፊርማውን ነገ አስፈርማታለሁ አለች። ነገ መጣ፣ ሄደ።

«ሰኞ ወላጅ ይዘሽ ነይ» አሉ መምህር ምናለ መዝገቡን እየዘጉ። ባዶውን ቦታ ልብ አላሉትም።

የብርጓል ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «አባቴ አውድማ ላይ ነው፣ መምህር። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ነው አገራችን። ደሞ ስልክ ደብቃ ያዘች ተብሎ ከተነገረው...» አልጨረሰችውም።

«ከተነገረው ምን?»

«ያስቀረኛል። ሴት ልጅ ስልክ የምትደብቀው ለምን እንደሆነ እሱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስበው።»

መምህር ምናለ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ወደ ሶልያና ዞረው «ይኼን ስልክ አሁኑኑ ከዝርዝሩ አውጪው» ብለው ወጡ። የብርጓልም ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። ሶልያና ተቀምጣ ሠላሳ ሰባተኛውን መለያ ከኮምፒውተሩ ሰረዘችው። ደስ ብሏት ነበር፤ ይኼን ኋላ ስታስታውሰው ፊቷ ይጋላል።

የእረፍት ደወል ተደውሎ አምስት ደቂቃ አልሆነም፤ ዜማ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንቺ ቴሌ፣ ምን አድርገሽው ነው? ታዲዮስ ደውሎ ጆሮዬን በላኝ። ዋይፋዩ አላስገባ አለው።»

ታዲዮስ የዜማ ታላቅ ወንድም ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ባጃጅ የምታክል ሱቅ አለችው፤ ለሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም ይጭናል።

ሶልያና ወንበሯን አዞረች። «የታዲዮስ ስልክ መቼ ተመዘገበ?»

ዜማ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች።

«መቼ ተመዘገበ አልኩሽ?»

«አቦ አታካብጂ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው ብሎኝ ነው። በራሴ ስም እንዳላደርገው አንድ ሰው አንድ ስልክ ብላችኋል። እሷ ደሞ ስልክ የላት፣ እዚህ ክፍል ድርሽ አትል። ማን ያውቃል ብዬ ነው።»

«ስም ከየትም አይለቀምም እኮ! የሰው ስም ነው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም። አሁን እዚህ ቆማ እንደ ሌባ ስትጠየቅ ነበር። ወላጅ አምጪ ተብላለች። እኔ ደሞ ውሸታም እያልኩ በሆዴ ስረግማት ነበር፤ ዋናዋ ውሸታም አጠገቤ የምትቀመጠው መሆኗን ሳላውቅ።»

ዜማ ፊቷ ተለወጠ። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። «እሺ፣ ተናገሪ። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ፊርማው የታለ ብለው ነው። የታለ? ያላየሽውን ሰው የመዘገብሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። ቁልፉን ይቀሙሻል፣ ወላጅ አምጪ ትባያለሽ። ሳይቸግርሽ ጤፍ ብድር! እሷ ቢበዛ ሦስት ቀን ትቀጣለች፣ ያልፋል።»

«አባቷ ያስቀራታል።»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት።» ዜማ መዝገቡን ስባ ሠላሳ ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። እስክሪብቶ አነሳች። «ይልቅ ይቺን ባዶ እንሙላት። የሷን ፊርማ ማን ያውቀዋል? አንዴ ጫር አድርጌው...»

ሶልያና መዝገቡን መነተፈቻት። እስክሪብቶው ገጹ ላይ ተንሸራቶ ትንሽ ሰማያዊ ጭረት ቀረ። ሁለቱም ያቺን ጭረት አዩዋት።

«ውጪልኝ» አለች ሶልያና።

ዜማ ወጣች። ሶልያና ግን ወደ መምህር ምናለ ቢሮ አልሄደችም። ከሰዓት እሄዳለሁ አለች፣ አልሄደችም። ዓርብ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ብላ ለራሷ ነገረች፤ ስብሰባው ግን ከምሳ በፊት አልቆ ነበር። ንዴቷ አልበረደም፣ ብቻ የሚያርፍበት አጣ። ዜማን ትረግማለች፣ ወዲያው ያ ባዶ ዓምድ ዓይኗ ላይ ይመጣል፣ እርግማኑ ወደ ራሷ ይዞራል። እናቷ ሁለት ጊዜ «ምን ሆነሽ ነው?» አሏት፤ ሁለቱንም ጊዜ ደህና ነኝ ስትል ጮኸችባቸው።

ቅዳሜ ገበያ ስትላክ በታዲዮስ ሱቅ በኩል ማለፍ ነበረባት። ታዲዮስ በፈገግታ እጁን አነሳላት። «ሶሊ! ዋይፋያችሁ ምን ነካው? ከስንቱ ደንበኛ ጋር ተበላሸሁ እኮ።» የማን ስም ለብሶ እንደገባ አያውቅም። ሶልያና ድንጋይ ብታገኝ የምትወረውርበት መሰላት። ሰላምታውን ሳትመልስ አለፈችው።

ሰኞ ጠዋት ከቢሮው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ነጠላቸው ነጭ፤ ጫማቸውና የሱሪያቸው ጫፍ ግን የመንገዱን አቧራ ጠግቧል። የብርጓል ከእሳቸው ራቅ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

ሶልያና መዝገቡን ይዛ ወደ አይሲቲ ክፍል ልታልፍ ስትል ቄሱ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩ።

«ልጄ፣ ቢሮውን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ አባ። እኔ የወዲያኛውን ክፍል ነው።» መስቀል ተሳለመች። እጃቸው ላይ የገለባ ጭረት አለ።

«ያው አብረሽ የምትማሪ ትሆኛለሽ። ቄስ እንዳላማው እባላለሁ፤ የዚች አባት ነኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምናልባት አንቺ ታውቂ እንደሆነ፣ ስልኩን የት ነው የምታኖረው? ትናንት የተከራየችበት ቤት ገብቼ ሳጥኗን አራገፍሁት። የእናቷን ስንቅ ሳይቀር በረበርሁ። የለም።»

«አባ...»

«ስልክ የለኝም ብላ ማለችልኝ። መስቀሌን ይዛ ነው የማለችልኝ፣ ልጄ። እኔ ደሞ ከልጅነቴ የተጻፈ ሲነበብ ያደግሁ ሰው ነኝ። የሰው አፍ ይስታል፤ የተጻፈ ግን ተጽፏል። በመዝገብ ሰፍሯል አሉኝ። መዝገብ ካለ እንግዲህ ልጄ በሐሰት ማለች ማለት ነው። ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ። በመስቀል የምትቀልድ ልጅ ምን ልትማርልኝ ነው?»

ሶልያና የያዘችው መዝገብ ከበዳት። ሽፋኑ ላይ «የ2010 ዓ.ም. የዋይፋይ ተጠቃሚዎች» ተብሎ ተጽፏል፤ የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ አሳምራ የጻፈችው። ቄሱ ሽፋኑን አነበቡት።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

«እስቲ።» እጃቸውን ዘረጉ። ሶልያና ልትከለክላቸው አልቻለችም። ወይም አልፈለገችም።

ቄስ እንዳላማው መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መጽሐፍ እንደለመደ ሰው በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ሠላሳ ሰባት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። የልጃቸውን ስም ሁለት ጊዜ በለሆሳስ አነበቡ። ከዚያ ጣታቸው በመስመሩ ላይ ወደ ዳር ሄደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ።

«ሁሉም ፈርሟል» አሉ። «ከላይም ከታችም ፈርሟል። የእኔ ልጅ ብቻ ናት ያልፈረመችው። ምነው?»

መምህር ምናለ ያላዩትን ቄሱ አዩት። ሶልያና ከኮሪደሩ ጫፍ ዜማ ቆማ ስታያት አየች። ዜማ ቀስ ብላ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ስላልመጣች ነው፣ አባ» አለች ሶልያና። «እሷ ስልክ የላትም። በሌላ ሰው ስልክ ላይ ስሟን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋሽተውኝ ነበር፤ ግን እሷን ጠርቼ መጠየቅ ነበረብኝ። ሳልጠይቃት ጻፍኩት።»

ቄሱ አልተቆጡም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ወደ ልጃቸው ዞሩና ሊጠሯት እጃቸውን አነሱ። እጃቸው ግን መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ትናንት ያራገፉት ሳጥን ትዝ ያላቸው ይመስል ነበር።

የብርጓል ከግድግዳው ተላቃ መጣች። አባቷን አልፋ ሶልያና ፊት ቆመች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐሙስ። ከእረፍት ሰዓት ጀምሮ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው» አለች የብርጓል።

ይቅርታ የሚለው ቃል በሶልያና አፍ መጣ፣ ለአራት ቀን ዝምታ አነሰባት፣ ዋጠችው።

የቢሮው በር ተከፈተና መምህር ምናለ ብቅ አሉ። «ቄስ እንዳላማው? ይግቡ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ሊነሱ ሲሉ ሶልያና መዝገቡን ከጉልበታቸው ላይ በቀስታ አነሳች። የቁልፉን ክር ከአንገቷ አውልቃ ሠላሳ ሰባተኛው መስመር ያለበት ገጽ ውስጥ አስገባችውና ዘጋችው።

«አባ፣ ካልከፋዎት መጀመሪያ እኔ ልግባ» አለች።