ባሕር የሰጠን በርሜል

ጀልባዋ ዋርሰሜን ይዛ ብቻዋን ተመለሰች። ማዕበሉ ቢዮ አዴ መንደር ዳርቻ ላይ ሲተፋት፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ከንፈሩ ተልጧል፤ የተወጋበት ግን የለም።

ኢንስፔክተር ሂቦ ከቦሳሶ ስትደርስ የሟቹ ወንድም ማሃድ የሟቹን ሚስት ኡባህን ደጃፏ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃት ነበር።

«ሊያገባባት ሲል መርዝ አጠጣችው! ዛሬውኑ ካልወሰድሽልኝ ወላሂ፣ እኔው እጨርሳታለሁ።»

«ያን ድሃ ደግሞ ማን ያገባዋል?» አለች ኡባህ እያለቀሰች። «ውሃ ሞልቼ ሸኘሁት፤ ሌላ ምን አደረግሁ?»

ውሃው የነበረው ጀልባዋ ላይ ባለ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ነው። ሂቦ ጎንበስ ብላ ስታሸተው ዓይኗ አነባ።

«ከየት አመጣችሁት?»

«የጀልባው በርሜል ተሰንጥቆ ነበር። ጠዋት ይሄን ደጃፋችን ላይ አገኘነው። ባሕር ሲያመጣ ያገኘ ሰው ለሌለው ያስቀምጣል፤ ልማዳችን ነው።»

«ሽታውስ?»

«አጥቤዋለሁ። ሁሉም መጀመሪያ ይሸታል፤ በኋላ ይለመዳል።»

ማሃድ ቤት ለሂቦ ሻይ ቀረበላት። ውሃው የተቀዳው ከሌላ ሰማያዊ በርሜል ነው፤ ስኒውን አስቀመጠችው። ሕፃን ልጁ ተምር ሲገምጥ ድዱ ደማ።

የሟቹ የጀልባ ባልንጀራ ሽማግሌው ጌዲ ደግሞ ሻይ አቀረበላት። የእሱ ውሃ የተቀዳው ግን በስሚንቶ ከተለሰነ አሮጌ እንስራ ነው።

«አጎቴ፣ በርሜል የለዎትም እንዴ?»

«የእናቴ እንስራ ይበቃኛል፣ ልጄ።»

«ያን ቀን ለምን አብረውት አልወጡም?»

«ወገቤን አሞኝ።»

ጓሮው ውስጥ ገና ባሕር ያልነካው የጀልባ ሞተር ቆሟል።

ሂቦ መንደሩን መረብ ማድረቂያው ስር ሰበሰበች።

«በርሜሉን ያስቀመጠው መርዝነቱን የሚያውቅ ሰው ነው» አለች። «ኡባህ አታውቅም፤ ልጆቿን የምታጠጣው ከዚህ ዓይነቱ ነው። ማሃድም አያውቅም፤ የልጁን ድድ እዩ። ባሕር በርሜል በነጻ በሚያድልበት መንደር በርሜል የሌለው አንድ ቤት ብቻ ነው። የዚያ ቤት ጌታ እንስራ መለወጥ አቅቶት ይለስናል፤ ሞተር ግን አዲስ አለው። ማን ሰጠዎት፣ አጎቴ?»

ሁሉም ወደ ጌዲ ዞሩ።

«መርዝ የጫኑ መርከበኞች» አለ ጌዲ። «በርሜሎቹን የምንጥልበትን ጥልቅ ባሕር አሳየን አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ሰምጦ ይቀራል ብዬ ነበር። ዋርሰሜ ደረሰብኝ። ዓርብ ለሽማግሌዎች እናገራለሁ አለ። መርዙ እንዳለበት ያልተከፈተ አንድ በርሜል ነበረኝ፤ ገልብጬ ደጃፉ ላይ…»

«ለካ ቤቴ ሻይ ስልህ ጾም ነኝ የምትለው ለዚህ ነው!» ማሃድ ጮኸ። «እኛ ስንጠጣ እያየህ!»

«ብነግራችሁ በምን ልትቀዱ ነበር?» አለ ጌዲ።

ሂቦ ካቴናውን አጠለቀችለት።

«መርከቦቹስ?» አለች ኡባህ።

«ስማቸውን አያውቅም። እኔም አላውቅም።»

የሂቦ መኪና ሳይርቅ ማሃድ የቤቱን በርሜል ገለበጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አሸዋው ውሃውን ሁሉ ጠጣው። ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቹ ውሃ እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ማሃድ በርሜሉን አነሳ፤ በአሸዋ ፈተገው፤ አሸተተው፤ እንደገና ፈተገው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ለኡባህ አቀበላት። እሷም አህያዋ ላይ ጭና ወደ ጉድጓዱ ሄደች።