የጨርቅ ቡና

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ እዪው! ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩልሽ።»

ሳሊሀ ፊቷን ታጥባ ከጓሮ ስትገባ አባቷ ሸኩር የከሰል ካውያውን ወደ ጎን እያደረገ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የእሷ ሥራ ነው፤ ከአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ቁርጥራጭ ለቅማ ስትሰፋው የከረመችው የቡና ቅርንጫፍ። ማታ ስትተኛ ፍሬዎቹ ከጨርቁ ላይ እብጥ እብጥ ብለው ነበር። እያንዳንዷን ክብ ቆርጣ፣ ዙሪያዋን በክር ሰብስባ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ጠቅጥቃባታለች። ቅጠሎቹንም ጥላ እንዲይዙ ሸንሽና ነው የሰፋቻቸው።

አሁን ሁሉም ተኝቷል። ስፖንጁ ቀልጦ ከጨርቁ ጋር ተጣብቋል።

የባሰው ደግሞ ቀለሙ ነው። አረንጓዴው ቀስ እያለ ወደ ብጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን፣ ወደ ቀይ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጀንፈል፣ እንደ ደረቀ የቡና ፍሬ፣ ወደ ጠቆረው እንዲሄድ አድርጋ ነበር የደረደረችው፤ ማንም «እዚህ ጋ ተቀየረ» ብሎ ጣቱን እንዳያሳርፍ። መሀል ላይ ያለውን ብርቱካን አጥታ ስንት ጊዜ ፈትታ ሰፍታዋለች። በመጨረሻ የተገኘው ከአንዲት የሊሙ ገነት ሙሽራ የሳቲን ቀሚስ ትራፊ ነው። ካውያው ያንኑ ሳቲን አኮማትሮ አጥቁሮታል። ከብጫው ወደ ቀዩ የሚያሻግር ነገር የለም።

«ተጨማዶ ነበር እኮ» አለ ሸኩር፣ ፊቱ በርቶ። «ከዚህ ሱቅ ሳይተኮስ የወጣ ልብስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ምን ይለኛል!»

እውነቱን ነው። አንድም ቀን አይታ አታውቅም።

«አመሰግናለሁ፣ አባዬ» አለች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጓደኛዋ መቅዲ ጨርቁን ገልጣ አየችው። «ወይኔ ጉዴ! መኪና ሄደበት እንዴ?»

ሳሊሀ የሆነውን ነገረቻት።

«በቃ፣ ፋዘር ነው ያበላሸው ብለሽ ለቲቸር ንገሪያቸዋ! አትፋሪ።»

ለክረምቱ የአዲስ አበባ የጥበብ ሥልጠና ከትምህርት ቤቱ የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ዳኞቹ ዛሬ ይመጣሉ። የሥዕል መምህሯ ቲቸር ያለምወርቅ ባለፈው ሳምንት ሥራውን አይተው «ሌላ ማን ይሄዳል?» ብለዋት ነበር። አሁን መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አንድ ጊዜ አንሸራተቱ።

«ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ስነካቸው የነበሩት ፍሬዎች የት ሄዱ?»

ሳሊሀ መሬት መሬት አየች።

«ስሚኝ፤ ሌላ ሰው ከሆነ ያበላሸው መላ አይጠፋም። ያ ሰው መጥቶ ለዳኞቹ ያስረዳ፣ እኔም ባለፈው ሳምንት ባነሳሁት ፎቶ እንዲያዩልሽ እለምናለሁ። ራስሽ ከሆንሽ ግን ምንም አላደርግልሽም። ማነው?»

አባቷ ታያት። የጁምዓ ኮቱን ለብሶ፣ ዳኞቹ ፊት ቆሞ፣ ምን እንዳደረገ እዚያው ሰው መሀል ሲሰማ። መቅዲ ከኋላ በክርኗ ጎሰመቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ሳሊሀ። «ሳልተኩስ ማምጣቱ ነውር መስሎኝ።»

ቲቸር ያለምወርቅ ጨርቁን መለሱላት። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አብሳሎም የሚባል ልጅ የሠራውን የሸክላ ማሰሮ አውርደው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ዳኞቹ በሚያዩት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

ውጭ ዝናቡ ጀምሯል።

«ጤነኛ አይደለሽም» አለች መቅዲ። «ለፋዘርሽስ ምን ልትዪው ነው?»

ሳሊሀ ጨርቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ያሸነፈው ማሰሮ በጣም ያምር ነበር እለዋለሁ።»